ጀግናው ከወረቀት ሲወጣ

አማኑኤል ጥላሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚያፈላልግ ወጣት ነው። እዚህ ላይ ብናቆም በወላይታ ከተሞች፣ በሶዶም፣ በአረካም፣ በቦዲቲም የምናውቀው ልጅ ነው፤ ማስረጃውን በፕላስቲክ ይዞ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ሁሉ የሚቆም። አማኑኤል ግን ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያገኛል። ብሥራት ደበበ ደርሶት በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» የተሰኘው የኮሚክ መጽሐፍ ታሪኩ ይህ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዓመቱ ደግሞ ጀግናዋ ሴት የሆነች «ሃዊ» ተከተለች።

ልዕለ ጀግና ስንል ልጆቻችን በቦርሳቸውና በካናቴራቸው የሚያውቁት የውጭውን ነበር። ሸረሪቱን ሰውዬ ሶዶ ገበያ ውስጥ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ልጆች ግን እሱ የተወለደበትን መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ወደ እነሱ የመጣው በፊልም፣ በካርቱን፣ በጌም፣ በቦርሳ ነው። የኮሚክ ጀግና ጉልበትም ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ መጽሐፍ ውስጥ ይወለዳል፣ የሚያድገው ግን ሌላ ቤት ነው። በየሄደበት ቤት ደግሞ ያልነበረውን ያገኛል።

ይህን ከሱፐርማን በላይ የሚያሳይ የለም። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ፈጥረውት በ1938 ታተመ። ሙሉ መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር፤ ይህ ግፍ ዛሬም ያንገበግባል። በዚያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሱፐርማን አይበርም፤ ይዘላል። አንድ ዝላዩ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ነው። በ1941 የፍላይሸር ስቱዲዮ ካርቱን ሊሠራለት ሲነሣ ግን ዘሎ የሚያርፍ፣ እንደገና የሚዘል ሰው በሚንቀሳቀስ ሥዕል ላይ አላምር አለ። ስለዚህ አበረሩት። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው በረራ የጸናው ሥዕሉ መንቀሳቀስ ስለጀመረ ነው።

ሬዲዮ የሰጠው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ድራማው በየካቲት 1940 ተጀመረ። አድማጩ ቀዩን ካባ አያይም፣ ልብስ ሲቀየርም አያይም። ታዲያ ዓይናፋሩ ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንት ወደ ሱፐርማን ሲለወጥ በምን ይታወቅ? ተዋናዩ በድ ኮልየር መላውን አገኘ፦ ዓረፍተ ነገሩን በክላርክ ቀጭን ድምፅ ይጀምርና እኩሌታው ላይ ሲደርስ ድምፁን አወፍሮ ይጨርሰዋል። ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ለውጡን በጆሯቸው አዩት። የጋዜጣው አለቃ ፔሪ ኋይትም የተወለደው በዚሁ ሬዲዮ ነው። ጀግናውን የሚያዳክመው ክሪፕቶናይት የተባለው ድንጋይም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በ1943 በሬዲዮ ነው፤ መጽሐፉ የወሰደው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1946 ይኸው ድራማ ኩ ክለክስ ክላን የተባለውን ቡድን ዘረኝነት ፊት ለፊት የሚሞግት ተከታታይ ክፍል አሰማ። ከዚያ ወዲህ የሲኒማ ቤት ተከታታይ ፊልም፣ በ1952 የቴሌቪዥን ድራማ፣ በ1966 የመድረክ ሙዚቃዊ ቲያትር፣ በ1978 የክሪስቶፈር ሪቭ ፊልም እያለ እዚህ ደርሷል።

በአገራችን ይህን መንገድ የተረዳች ሰው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የልጆች ፕሮግራሟ የምናውቃት ብሩክታዊት ከድርጅቷ ከዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ጋር «ጥበብ ገርልስ»ን ፈጠረች፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች በአኒሜሽንና በኮሚክ የሚቀርቡበት ሥራ ነው። የሚታገሉት ከጠፈር ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም። ያለዕድሜ ጋብቻን ይታገላሉ፤ ልጃገረድ በወር አበባዋ እንድታፍር የሚያደርገውን ዝምታ ይሰብራሉ። የጀምበር ሥራ አጥነትና የእነዚህ ልጆች ጠላቶች ከአንድ መንደር የመጡ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ልዕለ ጀግና መነሻው እንዲህ ካለ ቦታ መሆኑን እወደዋለሁ።

ጀግና ከቤት ወደ ቤት እየሄደ መልክ መቀየሩ ለወላይታ እንግዳ አይደለም። ሞቶሎሚን እንውሰድ። በወላይታ የቃል ታሪክ የገነነ ጥንታዊ ካዎ (ንጉሥ) ነው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ የዳሞቱ ሞተለሚ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን የማረከ፣ ኋላ ግን በልጇ ስብከት ያመነ ንጉሥ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ሰው በሽማግሌ አፍ አባት፣ በብራና ላይ መጀመሪያ ጠላት ቀጥሎም አማኝ ነው። ታሪኩ ቤት በቀየረ ቁጥር ሰውዬው መልክ ይቀይራል፤ ይህ የሆነው ሬዲዮም ካሜራም ከመፈጠራቸው በፊት ነው።

ከሞቶሎሚ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ነው። በ1894 ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግቶ፣ ቆስሎ ተማረከና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ልብ በሉ፣ የጦና ታሪክ የድል ታሪክ አይደለም። የኮሚክ ደራሲ ግን ተሸንፎም ያልተረሳን ሰው ይፈልጋል፤ የማይሸነፍ ጀግና አድማጭን ያሰለቻል፤ ክሪፕቶናይትም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለሥዕሉም የሚጎድል የለም። የልዕለ ጀግና ልብስ ከሩቅ መታወቅ አለበት፤ ትንሽ ሥዕል ላይም ትልቅ ስክሪን ላይም ያው መሆን አለበት። የወላይታ የባህል ልብስ ዱንጉዛ ይህን ያሟላል። በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን ሶዶ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ቀዩን፣ ቢጫውንና ጥቁሩን መስመር ከመንገዱ ማዶ ይለየዋል። የዳሞት ተራራና የአጆራ መንታ ፏፏቴም ሠዓሊን የሚጠብቁ ቦታዎች ናቸው።

ስለዚህ በሶዶ ለምትገኙ ደራስያን፣ ሠዓልያንና የሬዲዮ ሰዎች፣ በዩኒቨርሲቲውም ወላይትኛ ለምታስተምሩ፦ በሬዲዮ ጀምሩ። አኒሜሽን ብዙ ገንዘብና ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ የሬዲዮ ድራማ ግን ጥሩ ጽሑፍ፣ ጥቂት ድምፆችና ማይክ ይበቃዋል። በወላይትኛ አሰሙት፤ አድማጭ የወደደውን ክፍል ሠዓሊው በላቲን ፊደል ከሚጻፈው ቃለ ምልልስ ጋር ወደ ኮሚክ ይገልብጠው፤ ትምህርት ቤቶችም ለንባብ ይውሰዱት። የጦናን ታሪክ የሚያውቁ አዛውንት ዛሬም በየቀበሌው አሉ፤ መቅረጫችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ እነሱ ሂዱ።