የሕይወት መዝገበ ቃላት ከወዴት መጣ?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየዕለቱ የሚወጋው ኢንሱሊን በአብዛኛው የሚመረተው በባክቴሪያ ወይም በእርሾ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን የሚያዝዘውን ጂን ኢ ኮላይ ወደተባለው የአንጀት ባክቴሪያ አስገቡ፤ ባክቴሪያውም ትእዛዙን አንብቦ የሰው ኢንሱሊን ሠራ። በ1982 መድኃኒቱ በአሜሪካ አገልግሎት ላይ እንዲውል ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ሕመምተኞች ይጠቀሙ የነበረው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት የሚወጣውን ነበር።

ባክቴሪያ የሰውን ትእዛዝ እንዴት ሊያነብ ቻለ? ቋንቋው አንድ ስለሆነ ነው። ጤፍም፣ ዓሣም፣ ሰውም፣ ባክቴሪያም የሚያነቡት፣ ከጥቂት ልዩነቶች በቀር፣ በአንድ መዝገበ ቃላት ነው፤ ይህም የዘረመል ኮድ ይባላል። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ራሱ እንዴት ተገኘ?

ዲኤንኤ የተጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው። ሕዋስ መልእክቱን ወደ አርኤንኤ ገልብጦ ፊደላቱን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል። ሁለት ሁለት ቢሆኑ 16 ቃላት ብቻ ስለሚገኙ ፕሮቲን ለሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አይበቁም፤ በሦስት ሦስት ግን 64 ቃላት ይገኛሉ፤ ይተርፋሉም። ሦስቱ “እዚህ ላይ ቁም” የሚሉ ሲሆኑ የቀሩት 61 ለአሚኖ አሲዶቹ ይከፋፈላሉ። ስለዚህ አንድ አሚኖ አሲድ እስከ ስድስት መጠሪያ ሊኖረው ይችላል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ሆነው አንድ ድምፅ እንደሚሰጡ ማሰብ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቃል የተፈታው በ1961 ነው። ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማታይ “ዩ” በተባለው ፊደል ብቻ የተሠራ አርኤንኤ ከባክቴሪያ ሕዋሳት በተዘጋጀ ፈሳሽ ላይ ሲጨምሩ፣ ፌኒልአላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ብቻ የተደረደረበት ሰንሰለት አገኙ። በ1966 ሰንጠረዡ በሞላ ተጠናቀቀ። ሰንጠረዡ ግን እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እንጂ ለምን እንዲያ እንደሆነ አይናገርም።

ችግሩ የዶሮና የእንቁላል ነገር ነው። በሕዋስ ውስጥ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ከተገቢው አስተላላፊ አርኤንኤ ጋር የሚያጣምሩ ኢንዛይሞች አሉ፤ የኮዱ እውነተኛ ተርጓሚዎች እነርሱ ናቸው። እነርሱ ራሳቸው ግን ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፕሮቲን ደግሞ ያለ ትርጉም አይሠራም። ታዲያ የመጀመሪያውን ተርጓሚ ማን ተረጎመው?

ከዚህ ማጥ መውጫ የሚመስለው መንገድ አርኤንኤ ነው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አርኤንኤ መልእክት ከመያዝ አልፎ እንደ ኢንዛይም ሊሠራ እንደሚችል አሳይተው በ1989 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በ2000 ደግሞ የፕሮቲን መሥሪያው የራይቦዞም ዝርዝር ቅርጽ ሲታይ አሚኖ አሲዶች የሚያያዙበት እምብርት አርኤንኤ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮቲኖቹ በዙሪያው ናቸው። በ2009 በራይቦዞም ጥናት ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ የሆኑት የዋይዝማን ተቋሟ ፕሮፌሰር አዳ ዮናት፣ ይህ እምብርት ከዘመናዊው ሕይወት በፊት ብቻውን ይሠራ የነበረ የጥንት መሣሪያ ቅሪት ነው ብለው ይከራከራሉ። ከዶሮውም ከእንቁላሉም በፊት ሁለቱንም ሥራ በጥቂቱ የሚችል ሌላ ነገር ነበረ ማለት ነው።

የቃላቱ ድልድል ግን አሁንም ያከራክራል። ፍራንሲስ ክሪክ በ1968 ኮዱ “የረጋ አጋጣሚ” ሊሆን ይችላል አሉ። ድልድሉ በዕድል ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን መለወጥ አልተቻለም። ዛሬ “ለ” “መ” ተብሎ ይነበብ ቢባል በአንድ ጊዜ መጻሕፍት ሁሉ እንደሚበላሹ ማለት ነው። አሳቡ ማራኪ ቢሆንም ሰንጠረዡን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው አያረካም። መካከለኛ ፊደላቸው “ዩ” የሆኑ ቃላት ሁሉ ውኃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶችን ያመለክታሉ፤ ሦስተኛው ፊደል ቢሳሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ አይለወጥም። እስጢቨን ፍሪላንድና ሎረንስ ኸርስት በ1998 አንድ ሚሊዮን የዘፈቀደ ኮዶችን በኮምፒውተር ሠርተው ሲያወዳድሩ የስሕተትን ጉዳት በመቀነስ ከተፈጥሮው የበለጠ ያገኙት አንድ ብቻ ነበር። ይህ ጥበቃ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያሳያል፤ በመካከለኛ ቦታ ያለ አንድ ፊደል ተለውጦ ውኃ ወዳዱ አሚኖ አሲድ ውኃ በሚሸሸው ይተካል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ።

አንዳንዶች ቃልና ትርጉም በኬሚካዊ መሳሳብ ተገናኙ ይላሉ። ለአርጊኒን ጥሩ ማስረጃ አለ፤ ለብዙዎቹ ግን የለም። ቲዘ ፌይ ዎንግ ደግሞ በ1975 ኮዱ ከጥቂት አሚኖ አሲዶች ተነሥቶ አደገ፤ ሕዋሳት አዳዲሶችን መሥራት ሲማሩ የነባሮቹን ቃላት አካፈሏቸው አሉ። እንደ ግላይሲንና አላኒን ያሉት ቀላሎቹ በ1953ቱ የስታንሊ ሚለር ሙከራም፣ በ1969 አውስትራሊያ ላይ በወደቀው የመርቺሰን ድንጋይም መገኘታቸው አሳቡን ያጠናክራል። መላ ምቶቹ የግድ የሚጣሉ አይደሉም፤ ጥቂቱ በመሳሳብ፣ ጥቂቱ በዕድል፣ የቀረው በዝግታ ማጣራት የመጣ ሊሆን ይችላል።

የረጋው ኮድ ጨርሶ የማይነቃነቅ እንዳልሆነም ታውቋል። በ1979 በሰው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ “ቁም” ከሚሉት ቃላት አንዱ አሚኖ አሲድ ሆኖ እንደሚነበብ ታየ። በ2019 በካምብሪጅ የሚገኝ ቡድን የኢ ኮላይን ዘረመል በሙሉ እንደገና ጽፎ ሦስት ትርፍ ቃላትን ከያሉበት ነቀለ፤ ሀን ትቶ ሐንና ኀን ከመጻሕፍት ሁሉ እንደ መፋቅ ያለ ሥራ ነው። ለዚህ 18,214 ቦታዎች መታረም ነበረባቸው። ባክቴሪያው በዝግታም ቢሆን ኖረ። በ2021 ደግሞ የተተዉትን ቃላት የሚያነቡት ክፍሎች ሲወገዱለት ቫይረሶች ሊራቡበት አልቻሉም፤ ይዘውት የመጡት ትእዛዝ የተጻፈው ባክቴሪያው ከእንግዲህ በማያነባቸው ቃላት ነበርና።