አልማዝ አይጫርም እንጂ ይሰበራል

ገንዘባቸውን በከበረ ድንጋይ ለሚያስቀምጡ

ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው የጉለሌ ንግድ፣ ሠርግ ሲደርስ ሂሳቡ በጥበብ ልብስ ብቻ አያበቃም። ቀለበቱና ሐብሉ ይከተላል። ወርቅን በተመለከተ ነጋዴው አይታለልም፤ ካራቱን ይጠይቃል፣ ያስመዝናል፣ ደረሰኝ ይይዛል። የአልማዝ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ሲገዛ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ሲልክለት ግን «አልማዝ ነው፣ ምን ይነካዋል?» በማለት ጥንቃቄውን ይተዋል። ኪሳራውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ አንድ የቃል መምታታት እናጥራ። የወርቅ ካራት የጥራት መለኪያ ነው። 18 ካራት ማለት ከ24 እጅ 18ቱ፣ ማለትም 75 በመቶው፣ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ይመዝናል። የአልማዝ ዋጋ የሚሰላው በካራት ሲሆን፣ ሙሉ ካራት የሞላ ድንጋይ የአንዱ ካራት ዋጋው ራሱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠርዙ ተሸርፎ እንደገና በመሞረድ ከ1 ካራት ወደ 0.95 የወረደ ድንጋይ ባለቤቱን የሚያከስረው 5 በመቶ ብቻ አይደለም። ገበያው ለሙሉ ካራት የሚሰጠውንም ብልጫ ያሳጣዋል።

ጥንካሬ ሁለት ዓይነት ነው

ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የማዕድናት ጥንካሬ ደረጃ አልማዝ የመጨረሻውን፣ ማለትም 10ኛውን ቦታ ይዟል። ሳፋየርና ሩቢ 9፣ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8፣ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ናቸው። ይሁን እንጂ ደረጃው የሚናገረው የትኛው ድንጋይ የትኛውን እንደሚጭር ብቻ ነው። ሲመታ ይችላል ወይስ አይችልም ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

በአልማዝ ውስጥ የካርቦን አተሞች ትስስር በቀላሉ የሚለያይባቸው አራት አቅጣጫዎች አሉ። በእነዚህ አቅጣጫዎች ድንገተኛ ምት ያገኘው አልማዝ፣ እንጨት በቃጫው መስመር እንደሚፈለጥ ሁሉ ይፈለጣል። እ.ኤ.አ. በ1905 በደቡብ አፍሪካ የተገኘውና 3,106 ካራት፣ ማለትም 621 ግራም ያህል ይመዝን የነበረው ኩሊናን አልማዝ በ1908 አምስተርዳም ላይ የተከፈለው በዚሁ ባሕርዩ በመጠቀም ነው።

እንግዲህ «እውነተኛ አልማዝ በመዶሻ አይሰበርም» የሚለው ፈተና እውነተኛውንም ያጠፋል። በመስተዋት ላይ መጫርም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ደረጃው 7 የሆነው ኳርትዝም መስተዋትን ይጭራልና።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምት ነው። የሱቅ የብረት በር ሲዘጋ፣ ሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ዕቃ ሲጫን ቀለበት ያለበት እጅ ይጋጫል። በተለይ ዙሪያው የሳሳ፣ ባለ አራት ማዕዘን ወይም ባለ ሹል ጫፍ ሆኖ የተቀረጸ ድንጋይ ለመሸረፍ ቅርብ ነው። ሲገዙ ሹል ጫፎቹ በወርቅ የተሸፈኑ መሆናቸውን ማየት ይገባል።

ሁለተኛው የመያዣው መላላት ነው። አልማዙ ሳይሰበር ወድቆ ሊጠፋ ይችላል፤ ወርቁ ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ነውና ፈርጡን የያዙት ጥፍሮች ያልቃሉ፣ ይነሣሉ። መመርመሪያው በየቤቱ አለ። ቀለበቱን በነጠላ ላይ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ነው፤ ክር ከያዘ ጥፍሩ ተነሥቷል ማለት ነው። በጆሮ አስጠግቶ መታ መታ ሲያደርጉት ከተንቀጫቀጨም ድንጋዩ ላልቷል። በሁለቱም ጊዜ እስኪጠገን ድረስ አለማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው በረኪና ነው። አልማዙን አይነካውም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ክሎሪን ከወርቁ ጋር የተቀላቀሉትን ማዕድናት እየበላ ጥፍሮቹን ያሰባብራል። ልብስ ሲነከርና ወለል ሲጸዳ ቀለበት ይውለቅ።

አራተኛው እሳት ነው። አልማዝ ካርቦን በመሆኑ አየር ባለበት ከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል፤ የአንጥረኛ እሳት ፊቱን ነጭ ጭጋግ ሊያስመስለው ይችላል። ቀለበት ለማጥበብ ወይም ለማስፋት ሲሰጥ፣ ፈርጡ እንዲወጣ ወይም በቦሪክ አሲድ እንዲሸፈን አስቀድሞ መነጋገር የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሲሰጡም ሲረከቡም ድንጋዩን በማጉያ መነጽር አብሮ መመልከት ከጭቅጭቅ ያድናል።

አምስተኛው አቀማመጥ ነው። በአንድ ሳጥን የተከማቹ አልማዞች እርስ በርሳቸው ይጫጫራሉ፤ ወርቁንና ሌላውን ድንጋይ ሁሉ ይጭራሉ። እያንዳንዱን በየራሱ ከረጢት ማስቀመጥ ወጪው ኢምንት ነው።

የአገራችን ድንጋዮችስ?

ለአልማዝ የሚበጀው ሁሉ ለአገራችን ድንጋዮች አይበጅም። አልማዝ ቅባት ስለሚይዝ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ሲታጠብ ያበራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ከሻኪሶ አካባቢ በብዛት ለዓለም ገበያ የቀረበው ኤመራልድ ግን እንደ ሌላው ዓለም ኤመራልድ ስንጥቁ በዘይት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ሙቅ ውኃና የንዝረት ማጠቢያ ማሽን ዘይቱን ያስወጣሉ።

የወሎ ኦፓል ነገር ደግሞ የተለየ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወገል ጤና አጠገብ የተገኘው ይህ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ሊጠራና የቀለም ጨዋታው ለጊዜው ሊጠፋ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ሽቶ፣ ዘይትና ቀለም ከገባበት ግን እንደ ውኃው በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ እጅ ሲታጠብ የኦፓል ቀለበት ይወልቃል፤ ከሱቅ መስኮት ትኩስ መብራት ሥርም ይርቃል።

ይህ ባሕርይ የደላላውንም ኪስ ይነካል። ውኃ የጠጣ ኦፓል ክብደቱ ይጨምራል። ደርቆ 100 ግራም የሚሆን ጥሬ ኦፓል እርጥብ ሆኖ 108 ግራም ቢመዘን፣ ገዢው 8 ግራም ውኃ በኦፓል ዋጋ ገዛ ማለት ነው። ደርቆ ይመዘን ማለት ነውር የለበትም። መሰንጠቁም የሚታየው ሲደርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከመንዝ የወጣው ቡናማ ኦፓል ብዙው ከተሸጠ በኋላ እየተሰነጠቀ የኢትዮጵያን ኦፓል ስም ለዓመታት አጉድፎ እንደነበር የገበያው ሰዎች ያስታውሳሉ።

በአጭሩ፣ ድንጋይ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጠርዙ ሙሉ ነው? መያዣው ጠንካራ ነው? ከምን ይጠበቃል? የሦስተኛውን መልስ የማያውቅ ሻጭ ካጋጠመዎ ዋጋውን ለመከራከር አይቸኩሉ።