የአደን ጥይትና የአፈሙዝ ማጥበቢያ ምርጫ፦ ከእርሳስ ወደ ብረት እንክብል የተደረገው ሽግግር እንደ ማሳያ

መግቢያ

ጥንቸል፣ ዋኔ፣ ፌዛንትና ዳክዬን የመሰሉ ትንንሽ የዱር እንስሳት በአብዛኛው የሚታደኑት ሾትጋን በተባለው የጠመንጃ ዓይነት ነው። ይህ ጠመንጃ እንደ ሌሎቹ አንድ እርሳስ ወደ አንድ ነጥብ አይልክም፤ በአንድ ተኩስ በመቶ የሚቆጠሩ እንክብሎችን ይረጫል። ስለዚህ የተኩሱ ውጤት የሚወሰነው በማነጣጠር ችሎታ ብቻ አይደለም። ስንት እንክብሎች፣ ምን ያህል ተቀራርበውና ምን ያህል ጉልበት ይዘው ከዒላማው ደረሱ የሚለውም እኩል ይወስናል። እንክብሎቹ ጥቂት ወይም ደካማ ከሆኑ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል፤ ቆይቶም ይሞታል። ከመጠን በላይ ተጠጋግተው ከደረሱ ደግሞ ሥጋው ለምግብነት አይውልም።

ይህ ጽሑፍ ጥይትና ቾክ፣ ማለትም የአፈሙዝ ማጥበቢያ፣ የማይነጣጠሉ ምርጫዎች መሆናቸውን ያብራራል። ለማሳያነትም እርሳስን በብረት የመተካት ሽግግር ይወስዳል፤ የእንክብሉ ማዕድን ሲለወጥ የተቀሩት ምርጫዎች ሁሉ እንደገና መመርመር እንዳለባቸው ይህ ሽግግር በግልጽ ያሳያልና።

የጥይቱ አሠራር

የሾትጋን ጥይት ከቀለህ፣ ከማቀጣጠያ፣ ከባሩድ፣ ከመለያና ከእንክብሎች የተሠራ ነው። መለያው በባሩዱና በእንክብሎቹ መካከል ይቀመጣል። በአሁኑ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ እንደ ስኒ ሆኖ የሚሠራ ሲሆን፣ የባሩዱን ጋዝ ያግዳል፤ እንክብሎቹንም ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እንዳይፋተጉ ይከልላል።

የቧንቧው ስፋት የሚለካው ጌጅ በተባለ ጥንታዊ መለኪያ ነው። ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡሎች ቢሠሩ፣ የአንዱ ድቡልቡል ስፋት ከ12 ጌጅ ቧንቧ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል፤ ይህም ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቧንቧው የሚጠበው በዚህ ምክንያት ነው፤ 20 ጌጅ ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

የእንክብል መጠንም እንዲሁ በተገላቢጦሽ ይቆጠራል። በአሜሪካ አሰያየም ከ17 ላይ የእንክብሉ ቁጥር ሲቀነስ የሚገኘው ውጤት የእንክብሉን ስፋት በኢንች መቶኛ ይሰጣል። ስለዚህ ቁጥር 6 እንክብል 0.11 ኢንች ወይም 2.79 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 4 ደግሞ 0.13 ኢንች ወይም 3.30 ሚሊ ሜትር ነው። 28 ግራም በሚመዝን የእርሳስ ጭነት ውስጥ ወደ 225 የሚሆኑ የቁጥር 6 እንክብሎች ይገኛሉ፤ በቁጥር 4 ግን ብዛታቸው ወደ 135 ይወርዳል። የምርጫው መሠረታዊ ውጥረት እዚህ ላይ ይታያል፤ እያንዳንዱ እንክብል በከበደ ቁጥር የእንክብሎቹ ብዛት ይቀንሳል።

የቾክ ሚና

ቾክ በቧንቧው ጫፍ ላይ የሚገኝ መጠነኛ መጥበብ ነው። በሥራው ላይ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዝ የባለቤትነት መብት ያገኘው ፔፕና በ1868 በአሜሪካ ያገኘው ሮፐር ይጠቀሳሉ። ግሪነር የተባለው እንግሊዛዊ ጠመንጃ ሠሪ ደግሞ በ1870ዎቹ አሠራሩን አሻሽሎ አስፋፍቶታል። ዛሬ በብዙ ጠመንጃዎች ላይ ቾኩ እየተፈታ የሚቀየር አጭር ቱቦ ነው።

የቾክ ብቃት የሚለካው በ36.6 ሜትር ርቀት ላይ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ በሚያርፉት እንክብሎች ድርሻ ነው። በእርሳስ እንክብል በተለምዶ ምንም መጥበብ የሌለው ሲሊንደር 40 በመቶ፣ ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር የሚጠበው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50 በመቶ፣ ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር የሚጠበው ሞዲፋይድ 60 በመቶ፣ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር የሚጠበው ፉል ደግሞ 70 በመቶ ያህል ያሳርፋል።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን ትርጉም እንዳለው በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የክቡ ስፋት ወደ 4,560 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። የታዳኙ ተጋላጭ የሰውነት ክፍል 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለፈጣን ሞትም ቢያንስ 3 እንክብሎች ያስፈልጋሉ ተብሎ ይገመት። ከ225 እንክብሎች ውስጥ ሲሊንደር 90 ያህሉን ወደ ክቡ ያስገባል፤ ታዳኙን በአማካይ የሚመቱት 2.4 ያህል ይሆናሉ። ፉል ግን 157 ያህሉን ስለሚያስገባ አማካዩ ወደ 4.1 ያድጋል። እንክብሎቹ በክቡ ውስጥ በዘፈቀደ እንደሚበተኑ ቢታሰብ፣ በትክክል የተነጣጠረ ተኩስ ከ3 ያነሱ እንክብሎች የማሳረፍ ዕድሉ በሲሊንደር 58 በመቶ ሲሆን በፉል 22 በመቶ ብቻ ነው። በእውነተኛው ስርጭት መሐሉ ከዳሩ ይልቅ የጠቀጠቀ ስለሚሆን ስሌቱ ግምት ነው። ሆኖም ዋናውን ነጥብ ያስረዳል፤ ጥሩ ተኳሽ እንኳ የሳሳ ስርጭት ይዞ በሩቅ ከተኮሰ ለማቁሰል የተዘጋጀ ነው።

ከዚህ በመነሳት ምንጊዜም ጠባቡ ቾክ ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በ18 ሜትር ርቀት ላይ ሲሊንደር ስርጭቱን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ሲያሰፋ፣ ፉል ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰበስበዋል። ከቁጥቋጦ ሥር ድንገት ተነሥታ ለምትሮጥ ጥንቸል ይህ ጠባብ ስርጭት ሁለት ጉዳት አለው፤ በቀላሉ ይስታታል፤ ካገኛት ደግሞ ሥጋዋን ያበላሻል። ስለዚህ የቾክ ምርጫ የሚጀምረው ከእንስሳው ስም ሳይሆን አዳኙ በአብዛኛው ከሚተኩስበት ርቀት ነው።

እርሳስ ለምን ተተካ?

እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳና ርካሽ በመሆኑ ለረጅም ዘመን ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። ችግሩ ከተኩሱ በኋላ ይጀምራል። ዒላማቸውን የሳቱ እንክብሎች በረግረግና በሐይቅ ዳርቻ ይከማቻሉ። ዳክዬዎች ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር የመዋጥ ልማድ ስላላቸው እንክብሎቹን ከጠጠር ሳይለዩ ይውጧቸዋል። ጡንቻማው ጨጓራቸው እንክብሉን እየፈጨ፣ አሲዱም እያሟሟው እርሳሱ ወደ ደም ይገባል። ጥቂት እንክብሎች፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ፣ ወፏን ለመግደል ይበቃሉ። እርሳስ ያለበትን ሬሳ የሚበሉ ንስሮችና ጥንብ አንሣዎችም ይመረዛሉ። በሥጋ ውስጥ የሚቀሩት ደቃቅ ስብርባሪዎች ለሰውም አደጋ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያስከትልም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስገነዝባል።

በዚህም የተነሣ ዩናይትድ ስቴትስ ለውሃ ወፎች አደን የእርሳስ እንክብልን ከ1987 ጀምራ ደረጃ በደረጃ በመቀነስ በ1991 በመላ አገሪቱ ከለከለች። ዴንማርክ በ1996 ክልከላውን ለአደን ሁሉ አስፋፋች። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለማንኛውም የዱር እንስሳ አደን እርሳስ የያዘ ጥይት እንዳይተኮስ ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረትም በረግረጋማ ቦታዎችና በዙሪያቸው የእርሳስ እንክብል መጠቀምን ከየካቲት 2023 ጀምሮ አግዷል።

ብረት ሲተካ ምን ይለወጣል?

የእርሳስ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11 ግራም ያህል ሲሆን የብረት 7.8 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው የብረት እንክብል ከእርሳሱ ክብደት 70 በመቶውን ብቻ ይይዛል። ቁጥር 6 እርሳስ 0.126 ግራም ሲመዝን ቁጥር 6 ብረት 0.089 ግራም ብቻ ይመዝናል። ቁጥሩን ሳይለውጥ ማዕድኑን ብቻ የለወጠ አዳኝ የቀድሞውን ርቀት ጠብቆ ቢተኩስ ብዙ እንስሳትን ማቁሰሉ አይቀርም። በሽግግሩ የመጀመሪያ ዓመታት በርካታ አሜሪካውያን አዳኞች ብረት ያቆስላል እንጂ አይገድልም ሲሉ ተቃውመው ነበር። ቅሬታው ከጥይቱ ባሕርይ ባልተናነሰ ከምርጫው ጋር የተያያዘ ነበር።

መፍትሔ ሆኖ የተለመደው ደንብ ሁለት ቁጥር ከፍ ማለት ነው፤ በቁጥር 6 እርሳስ ምትክ ቁጥር 4 ብረት ይወሰዳል። ይህ እንክብል 0.148 ግራም ስለሚመዝን ክብደቱ ተካክሶ እንዲያውም ይበልጣል። ነገር ግን አየርን ሰንጥቆ የመሄድ አቅም የሚወሰነው በክብደት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ለእንክብሉ የፊት ገጽ ስፋት ሲካፈል በሚገኘው ውጤት እንጂ። ይህም ከእፍግታና ከስፋት ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። በዚህ መለኪያ ቁጥር 4 ብረት ከቁጥር 6 እርሳስ 83 በመቶ ያህል ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ከፍ ማለት በአፈሙዙ ላይ ያለውን ልዩነት ቢያጠብም በሩቅ ያለውን አያጠፋም። አምራቾች የብረት ጥይትን ፍጥነት የሚጨምሩት ይህን ለማካካስ ነው። የአየር ግጭት ግን ከፍጥነት ጋር አብሮ ስለሚያድግ የፍጥነቱ ጥቅም በርቀት እየሳሳ ይሄዳል። የማያወላዳው ማስተካከያ የተኩስ ርቀትን ማሳጠር ነው።

ብረት ግን የራሱ ብልጫም አለው። ጠንካራ በመሆኑ በቧንቧው ውስጥ አይጨፈለቅም፤ ክብነቱን ጠብቆ ስለሚበር ስርጭቱ ከእርሳስ ይልቅ የተሰበሰበ ይሆናል። 28 ግራም ቁጥር 4 ብረት ወደ 192 እንክብሎች አሉት። ከእነዚህ 60 በመቶው ወደ ክቡ ቢገባ 115 ይሆናሉ፤ ይህም 225 የቁጥር 6 እርሳስ እንክብሎች በ50 በመቶ ከሚሰጡት 112 ጋር ይቀራረባል። ለዚህ ነው ለብረት አንድ ደረጃ ሰፋ ያለ ቾክ መምረጥ የሚመከረው፤ እርሳስ ሞዲፋይድ በሚሻበት ቦታ ለብረት ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ሊበቃ ይችላል።

ምርጫ በተግባር

ከላይ የተገለጸው መርሕ በታዳኝ ዓይነት ሲተረጎም የሚከተለውን ይመስላል። ለዋኔ በእርሳስ ቁጥር 7½ ወይም 8፣ በብረት ቁጥር 6 ወይም 7 ከኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ጋር ይስማማል። በቁጥቋጦ መካከል ለምትታደን ጥንቸል በእርሳስ ቁጥር 6 ወይም 7½፣ በብረት ቁጥር 5 ወይም 6 ከሰፊ ቾክ ጋር ተመራጭ ነው። አካሉ ከበድ ያለና ላባው የጠነከረ ፌዛንት በእርሳስ ቁጥር 5 ወይም 6 ከሞዲፋይድ ጋር፣ በብረት ቁጥር 2 ወይም 3 ከኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ወይም ከሞዲፋይድ ጋር ይታደናል። በዋጋ ውድ የሆኑት ቢስመዝና የተንግስተን ውሑዶች ከብረት ስለሚከብዱ የቁጥር ለውጡን ይቀንሱታል። ቢስመዝ ለስላሳ በመሆኑም ለአሮጌ ጠመንጃዎች የተሻለ አማራጭ ነው።

የደኅንነት ጉዳይ ከብቃት ይቀድማል። ብረት ስለማይጨፈለቅ ትልልቅ እንክብሎች በፉል ቾክ ውስጥ ሲያልፉ ቧንቧውን ሊያሳብጡ ይችላሉ። በአውሮፓ ለብረት የተፈተሹ ጠመንጃዎች የአበባ ቅርጽ ያለው ምልክት ይታተምባቸዋል፤ ምልክቱ የሌለበት አሮጌ ጠመንጃ በባለሙያ ሳይመረመር ጠንካራ የብረት ጥይት ሊጎርስ አይገባም። 76 ሚሊ ሜትር ጥይት ለ70 ሚሊ ሜትር በተሠራ ጎድጓዳ ውስጥ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። 20 ጌጅ ጥይት በስሕተት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሾልኮ በቧንቧው ውስጥ ይቀረቀራል፤ ከኋላው ሌላ ጥይት ቢተኮስ ቧንቧው ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ ቀለም እንዲኖረው የተለመደው ለዚህ ነው።

ከሠንጠረዥ ይልቅ አስተማማኙ ማስረጃ ሙከራ ነው። በሰፊ ወረቀት ላይ፣ አዳኙ በእርግጥ በሚተኩስበት ርቀት፣ አንዱን የጥይት ዓይነት በአንዱ ቾክ ደጋግሞ መተኮስና በክቡ ውስጥ ያረፉትን መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ጠመንጃዎች ተመሳሳይ ስርጭት ላይሰጡ ስለሚችሉ በቾኩ ላይ የተጻፈው ስም ለቆጠራው ምትክ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ከሩቅ አገር አዳኞች ጋር ብቻ የሚቀር አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ ዳክዬዎች የሰሜኑን የብርድ ወራት ከሚያሳልፉባቸው ስፍራዎች መካከል የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይገኙበታል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የአፍሪካና የዩራሲያ ፈላሽ የውሃ ወፎች ስምምነትም በረግረጋማ ቦታዎች በእርሳስ እንክብል ማደን እንዲቀር ይጠይቃል። በፍልሰቱ መስመር በአንድ አገር የተመረዘች ወፍ ለሌላው አገር ሐይቅም ጉድለት ናት።

ከሽግግሩ የሚገኘው ትምህርት ሕግ ማዕድኑን ሊለውጥ ቢችልም ምርጫውን በራሱ እንደማያስተካክል ነው። እርሳስን የከለከለ፣ ነገር ግን ስለ እንክብል ቁጥር፣ ስለ ቾክና ስለ ርቀት ያላስተማረ ክልከላ የተመረዙትን ወፎች ቁጥር ቀንሶ የቆሰሉትን ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ ክልከላና ሥልጠና አብረው መቅረብ ይኖርባቸዋል፤ አዳኙም ቃታውን ከመሳቡ በፊት የጥይቱን ስርጭት በወረቀት ላይ አይቶ፣ ከዚያ ስርጭት ወሰን ውጭ ያለውን ታዳኝ መተው ይጠበቅበታል።