ትልቁ ጥይት ያድናል? ስለ ሽጉጥ ካሊበርና ርግጫ ተረቱና እውነታው

ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚያወጣው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐርላ ትገኛለች። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የአካባቢው ተረት ጥንታዊቷን ከተማ የገነቧት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይላል፤ ድንጋዮቹን ተራ ሰው አያነሳቸውም ባይ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ እንዲሁም ከየመን፣ ከህንድና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችን አወጣ። ሐርላን ያቆሟት እንደኛው ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጉልበታቸውም ንግድና የእጅ ሙያ ነበር።

ግዝፈትን ከኃይል ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ በሽጉጥ ወሬ ውስጥም አለ። «ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ያዝ፣ አንድ ጥይት ይበቃሃል» የሚል ምክር በየሰፈሩ ይሰማል፤ ቁጥሩ ካሊበር፣ ማለትም የአረሩ ስፋት ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የወለዳት የንግድ ከተማ ናት፤ በዚህ መስመር ከሸቀጥ ጋር የጦር መሣሪያም በኮንትሮባንድ ያልፋል። ስለዚህ ወሬው ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሰው ገንዘቡን፣ ነፃነቱንና የቤተሰቡን ሕይወት የሚያስይዝበት ውሳኔ ይሆናል። አምስቱን ተረቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ ትልቅ ጥይት የመታውን ሰው ወደ ኋላ ይወረውረዋል

እውነታው፦ ይህ የፊልም ፈጠራ ነው። በትልቅነቱ የሚፈራው የአሜሪካኖቹ .45 አረር (11.43 ሚሊ ሜትር) 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድ 255 ሜትር ያህል ይበርራል። ይህ ሁሉ ግፊት 70 ኪሎ ወደሚመዝን ሰው ቢተላለፍ ሰውየውን የሚገፋው በሰከንድ ከ6 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ደግሞም በፊዚክስ ሕግ አረሩ ወደ ፊት የሚሰጠውን ያህል ግፊት ሽጉጡ ወደ ኋላ ለተኳሹ ይመልሳል። ጥይቱ ሌላውን የሚወረውር ቢሆን ኖሮ ተኳሹም አብሮ በተወረወረ ነበር።

በሽጉጥ የተመታ ሰው ወዲያው መውደቁ እርግጥ የሚሆነው አረሩ አንጎልን ወይም የላይኛውን ኅብለ ሰረሰር ሲያገኝ ነው። ካልሆነ የሚያቆመው የደም መፍሰስ ነው፤ ያም ጊዜ ይፈልጋል። ልቡ የተመታ ሰው እንኳ በአንጎሉ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ብቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በፈቃዱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ወሳኙ ጥይቱ የት አረፈ፣ ምን ያህል ጠለቀ የሚለው ነው። የስፋቱ ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ተረት 2፦ ባለሙያዎች ሁልጊዜ ትልቁን ይመርጣሉ

እውነታው፦ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ወደ ትልቁ ሄደው ተመልሰዋል። አሜሪካኖች በፊሊፒንስ ጦርነት የያዙት .38 ሪቮልቨር አልበቃ ብሏቸው በ1904 ሙከራ አደረጉ፤ በ1911 ደግሞ .45 ሽጉጥ ታጠቁ። በ1985 ግን ሠራዊታቸው 9 ሚሊ ሜትሩን ቤሬታ ሽጉጥ ተቀበለ። በሚያዝያ 1986 ማያሚ ውስጥ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) መርማሪዎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር በተታኮሱበት ዕለት ሁለት መርማሪዎች ሞቱ። ከዘራፊዎቹ አንዱን የመታ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ልቡ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በዚህ ተደናግጦ ወደ ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም ወደ .40 አለፈ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኤፍ ቢ አይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአረር አሠራር ተሻሽሎ ትንሹም ትልቁም የሚፈለገውን ከ30 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መድረስ ቻለ። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ተኳሾች በ9 ሚሊ ሜትር ፈጥነውም አስተካክለውም መቱ፤ ርግጫው (ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚመታው ምት) ቀለል ስለሚል ሽጉጡ ቶሎ ወደ ዒላማው ይመለሳል፤ ካዝናውም ብዙ ጥይት ይይዛል። ዒላማውን የሳተ ትልቅ ጥይት ተኳሹን አለመጥቀሙ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ላለውም ሰው አደጋ ነው።

ተረት 3፦ ርግጫን ጉልበተኛ ይችለዋል፤ ለደካማ ደግሞ ትንሽ ሽጉጥ ይሻላል

እውነታው፦ ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ምት የሚወሰነው በጥይቱ ኃይልና በሽጉጡ ክብደት ነው። ያው ጥይት ክብደቱ በግማሽ ከቀነሰ ሽጉጥ ሲተኮስ የርግጫው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። «ለእህታችን፣ ለእናታችን ትንሿ ትበቃለች» ብሎ ኪስ የምትገባ ቀላል ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው ለመያዝ ከሁሉ የሚያስቸግረውን እያቀበላቸው ነው። የሽጉጡ አሠራርም ለውጥ ያመጣል። ማካሮቭ የተባለው የሶቪየት ሽጉጥ የሚሠራው በሞላና በላይኛው ተንሸራታች ብረት ክብደት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥይቱ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ምቱ መዳፍ ላይ ይሰማል። አፈሙዙ ከተንሸራታቹ ጋር ተቆልፎ የሚመለስ ሽጉጥ ምቱን ያለዝበዋል።

የጀማሪ ትልቁ ችግር ጥይቱ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ምት አይደለም፤ ከመውጣቱ በፊት የሚመጣው ፍርሃት ነው። ድምፁንና ምቱን የሚጠብቅ እጅ ምላጩ ሳይሳብ ይጨብጣል፣ አፈሙዙን ወደ ታች ይደፋል፤ ጥይቱም ከዒላማው በታች ይመታል። ካሊበሩ በጨመረ ቁጥር ይህ ልማድ ይጸናል፤ ጡንቻ ደግሞ አያድነውም።

መፍትሔው ሙያ ነው። በሕጋዊ ማሠልጠኛ፣ በአሠልጣኝ ፊት፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጎ ይጀመራል። እጀታውን በተቻለ መጠን ከላይ መያዝ፣ ሁለተኛውን እጅ ባዶ ሳይተው ሙሉ በሙሉ ማጠጋጋት፣ የእጅ አንጓን ማጽናት፣ ደረትን ወደ ፊት ዘንበል ማድረግ፣ ምላጩን ያለ ችኮላ በአንድ ወጥ ግፊት መሳብ። አንጓው ከላላ ተንሸራታቹ ሙሉ መንገዱን ሳይሄድ ቀርቶ ጥይት ሊያንቅ ይችላል። አምስት ጥይት በተከታታይ ተኩሶ ሁሉንም ካሰበበት ቦታ ማሳረፍ የማይችል ሰው ካሊበሩ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ዝቅ ያለውን ቢይዝ አያፍርም።

ተረት 4፦ 9 ቁጥር ሁሉ 9 ቁጥር ነው

እውነታው፦ ይህ ተረት እጅ ያስቆርጣል። በደርግ ዘመን የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ስለገባ ማካሮቭን አገሩ ያውቀዋል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሲሆን ምዕራቡ ዓለም የሚጠቀምበት ፓራቤለም 9 በ19 ነው። ልዩነቱ የቀለህ ርዝመት ብቻ አይደለም። የማካሮቭ አረር 9.27 ሚሊ ሜትር፣ የፓራቤለም 9.02 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ የፓራቤለም ግፊትም በጣም ይበልጣል። ሁለቱ አይለዋወጡም። የሌላው የሶቪየት ሽጉጥ፣ የቶካሬቭ፣ ጥይት ደግሞ 7.62 በ25 ነው፤ አረሩ ቀጭን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ደካማ ነው ማለትም አይደለም። ቀለሁ ግርጌ ላይ የተቀረጸውንና ሽጉጡ ላይ የተጻፈውን ሳያመሳክሩ ማጉረስ አይገባም።

ከዚህ የባሰው ለድምፅ ብቻ የተሠራን ሽጉጥ በኮንትሮባንድ ገበያ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ተቀይሮ መግዛት ነው። የእነዚህ ሽጉጦች አካል ብዙ ጊዜ ለስላሳ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ የእውነተኛ ጥይት ግፊት የተኳሹ እጅ ውስጥ ሊያፈነዳቸው ይችላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ስለ ካሊበር መመካከር ትርጉም የለውም።

ተረት 5፦ ራሴን ለመከላከል ነው ካልኩ ሕጉ አይነካኝም

እውነታው፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። ዓላማው ጥሩ መሆኑ ፈቃድ አይተካም። ፈቃድ ያለውም ሰው ቢተኩስ የሚመዘነው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ነው። ጥቃቱ ሕገወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። ልኩን ያለፈ መከላከል በአንቀጽ 79 የሚታይ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱ ሊቀል ቢችልም። ሌባ ሮጦ ሲሸሽ ከኋላው የሚተኩስ ሰው «ራሴን ተከላከልኩ» ማለት ይከብደዋል።

የሳተው ጥይትም የተኳሹ ነው። በቆርቆሮና በጭቃ ግድግዳ የተያያዙ ቤቶች ባሉበት ሰፈር ከላይ የጠቀስኳቸው ጥይቶች ሁሉ ግድግዳ አልፈው ጎረቤት ቤት ሊገቡ ይችላሉ። በዚያ የተኛ ሕፃን ቢሞት ሕጉ በቸልተኝነት ሰው የመግደልን ጥያቄ ያነሳል። ጎርሶ ትራስ ሥር የሚያድር ሽጉጥንም ቀድሞ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ሌባ ሳይሆን የቤቱ ልጅ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ቆልፎ፣ ጥይቱን ለይቶ ያስቀምጥ።

ታዲያ ምን ይመረጥ? ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ፈቃድ። ፈቃድ ከሌለ ምርጫ የለም፤ ጠንካራ በር፣ መብራት፣ የሚጠራ ጎረቤትና ፖሊስ ይበልጣሉ። ቀጥሎ ለእጅ የሚመች፣ በቂ ክብደት ያለው፣ ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ሽጉጥ። ከዚያ ደጋግሞ በአሠልጣኝ ፊት መተኮስ። ካሊበር የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ትክክለኛውም ካሊበር ባለቤቱ ሳይፈራው ደጋግሞ ካሰበበት የሚያሳርፈው ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ ላሉትም ኃላፊ ነው፤ ይህን ኃላፊነት መሸከም የማይፈልግ ሰው ሽጉጥ ባይይዝ ለራሱም ለሰፈሩም ይበጃል።