አፈሩ አይቃጠልም

የተበከለ አፈር በሙቀት ይጸዳል ስል «አሃ፣ ያቃጥሉታል!» የማይለኝ ሰው የለም። አያቃጥሉትም። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል፤ ድፍድፉ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በመቃው ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ድፍድፉን ያሳረረች አውጪማ አረቄዋ ጭስ ጭስ ይልባታል።

አፈርም እንዲሁ ነው። በሚሽከረከር የብረት በርሜል ወይም ክምሩ ውስጥ በተሰኩ ማሞቂያ ዘንጎች ይሞቃል። ቤንዚኑ፣ ናፍጣው፣ ፀረ ተባዩ ተንኖ ይወጣል፤ እንፋሎቱ ተስቦ ይቀዘቅዛል ወይም በከሰል ማጣሪያ ያልፋል። እሳት ካለም የሚነደው እንፋሎቱ ነው፣ ያውም በተለየ ምድጃ። (እርሳስን የመሰለ ብረት ግን በዚህ መንገድ አይወጣም። ሜርኩሪ ይተናል።)

አንዱን ትልቅ ሥራ ቬትናም ውስጥ፣ ዳናንግ አየር ማረፊያ ላይ እናገኘዋለን። የአሜሪካ ጦር «ኤጀንት ኦሬንጅ» የተባለውን የዛፍ ቅጠል ማራገፊያ ያከማችበት ስለነበር መሬቱ ዳይኦክሲን በተባለ መርዝ ተበክሎ ቀረ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራው ተጀመረ፤ አፈሩን ግዙፍ ክምር አድርገው፣ ዙሪያውን ዘግተው፣ ቢያንስ 335 ዲግሪ ሴልሺየስ አደረሱት። እስከ 2018 ድረስ ወደ 90,000 ሜትር ኩብ አጸዱ። አብዛኛው ዳይኦክሲን እዚያው ክምሩ ውስጥ ነበልባል ሳይነካው ተሰባበረ፤ የተነነውን ደግሞ ማጣሪያው ያዘው።

እኔን የሚማርከኝ ግን አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። አንድ ቀን ከጓሮ ያመጣሁትን ጭቃ በአሮጌ ብረት ድስት ጥጄ ቴርሞሜትር ሰካሁበት። ባለቤቴ ክዳኑን ከፍታ አይታ «ዛሬ ምሳችን ይሄ ነው?» አለችኝ። መርፌው 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ቆመ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ ቶሎ ይፈላል። ቡታጋዙን ብጨምርም ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ከደረቀ በኋላ ግን ሽቅብ ተፈተለከ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እንዲፈላ ከሚፈጀው ጉልበት ይልቅ፣ ፈልቶ እንዲተን የሚፈጀው ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። እርጥብ አፈር ያመጣ ባለሥራ ከመርዙ በፊት ውሃውን ሊቀቅል ነው።

ታዲያ የቆፈሩትን አፈር ሸራ ሳያለብሱ ለሐምሌ ዝናብ የሚተዉ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? አንድ ግቢ ውስጥ ይህንኑ አይቼ ዘበኛውን ጠየቅኩት። «ሸራውማ አለ ጋሼ» አለኝ፣ «ሲሚንቶው ላይ ነው ያለው።»