ጠገራው ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ያገኘው አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ግርጌ ለፈረንሳይ መንግሥት ከሰጡት ሰፊ ግቢ ነው። የምኒልክ ብርም የመጣው ከዚያው ከፈረንሳይ ነው። በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው አንበሳው ያለበት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን የያዘው ጠገራ የተመታው ፓሪስ ነው። ዛሬም ከአያት ሣጥን ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጠቁሮ ይገኛል። አልፎ አልፎ ግን መሐሉ ወርቅማ፣ ወደ ዳር ሲሄዱ ወይን ጠጅ፣ ጠርዙ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ያየው ሁሉ «ማን ቀባው?» ይላል።

ማንም አልቀባውም። ብር ከአየር ውስጥ ድኝ ይስባል። ድኙ ከብሩ ጋር ተዋህዶ ፊቱ ላይ በጣም ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ ሲደርስ ብሩ ቢጫ መምሰል ይጀምራል፤ ሲወፍር ቀይ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፤ እየቆየ ሲሄድ ይጠቁራል። ቀለሙ የሚፈጠረው ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ ካለው ብረት ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋ ነው፤ በዝናብ ውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀለም የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የቀለሙ ተራ ዝም ብሎ አይዘለልም። ከሚያበራ ነጭ ብር አጠገብ ድንገት ሰማያዊ ካዩ፣ በመካከል ወርቅማውና ወይን ጠጁ ከሌሉ፣ በእሳት ወይም በኬሚካል የተሠራ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ድኙ ከየት መጣ የሚለው ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝም ይኸው ነው። የማገዶና የኩበት ጭስ ድኝ አለው። ሱፍና ፀጉርም አላቸው፤ በበርኖስ እጥፋት ውስጥ የኖረ ብር በነጠላ ከተጠቀለለው ቀድሞ ይወይባል። የድሮ ባሩድም ድኝ አለበትና ከጥይት ጋር በአንድ ሣጥን የከረመ ጠገራ ቶሎ ቢጠቁር አይገርምም። በእንጦጦ ሥር ያለው የክረምት እርጥበት ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል።

ብሩን ወደ መስኮት አቅርቦ ቀስ እያሉ ማዘንበል ብዙ ነገር ያሳያል። በአንድ ጎኑ እንደ ጨረቃ የተቆረጠ ነጭ ቦታ ካለ፣ ሌላ ብር ተደርቦበት አየር ከልክሎታል ማለት ነው። ድርና ማግ የሚመስል መረብ ከታየ፣ ለዓመታት የነካው ጨርቅ አሻራውን ጥሎበታል። በፊደሎቹ ሥር ያለው ጥግ ከሜዳው ይልቅ ነጥቶ ከቀረም የተለመደ ነው።

የምኒልክ ብር ንጹሕ ብር አይደለም፤ ከ1,000 እጅ 835ቱ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። በአንገት ጌጥነት የኖሩት ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ማንጠልጠያው በተበየደበት ቦታ፣ ቅቤና ላብ በሚጠራቀምበት ስንጥቅ፣ አረንጓዴ ነገር ይወጣል፤ ቅባቱ መዳቡን በልቶት ነው። በሸክላ ገንቦ ተሞልቶ የተቀበረው ደግሞ የአፈሩ ጨው ስለሚያገኘው ግራጫ፣ ደብዛዛ ቅርፊት ያበጃል፤ ወርቅማና ሰማያዊ ሕብር ከእሱ አይጠበቅም።

ቀለሙ ግን ዕድሜን አይመሰክርም። ሌላው ጠገራ፣ ማርያ ቴሬዛ ብር፣ ቪየናም ይመታ፣ ሮምም በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ለንደንም ይመታ፣ ሁሉም ላይ 1780 ስለተጻፈበት ዕድሜውን ከቀለሙ ለማንበብ ያጓጓል፤ ነገር ግን ድኝ ባለበት ካርቶን ውስጥ የገባ አዲስ ብርም በጥቂት ወራት እንደ ጥንቱ ሊያምር ይችላል። ቀለሙ የሚናገረው ብሩ የኖረበትን ቤት ነው።

ለዚህም ነው «በአመድና በሎሚ እሸው፣ ልጄ፣ እንደ አዲስ ይነጣልሃል» የሚለውን የእናቶች ምክር በአክብሮት የማልቀበለው። አመዱ ቀለሙን ብቻ አያነሣም፤ የንጉሡን የፀጉር መስመርና የአንበሳውን ጋማ ይዞ ይሄዳል፣ የተቧጨረውም ፊት ተመልሶ አይመጣም። ቅባት ካለበት ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ሳያሹ ማውጣት ይበቃል፤ አሴቶን የድኙን ሽፋን አይነካም። ሲያስቀምጡም ጎማ አያስሩበት፣ በሚለጠጥና በሚሸት ላስቲክም አይጠቅልሉት።

ከዚያ በፊት ግን ባለቤቷን መጠየቅ ይሻላል፤ እማማ፣ የት ነበር ያስቀመጡት? ወጥ ቤት አጠገብ ነው? ከምን ጋር? በምን ተጠቅልሎ? ብሩን ያወጡበትን አሮጌ ጨርቅም አይጣሉት፤ ከሽመናው መስመር ጋር ሲያስተያዩት በብሩ ፊት ላይ ያለው መረብ ከየት እንደመጣ ይታወቃል።