የኢሜይል ራስጌ እና የላኪው አይፒ አድራሻ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በአርሲ ዞን ዶዶታ ወረዳ፣ በዴራ ከተማ የሚኖር ተገልጋይ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሳይጓዝ ማመልከቻውን፣ ቅሬታውን ወይም ጥቆማውን በኢሜይል ሊልክ ይችላል። ይሁን እንጂ ከጽሑፉ ጋር ስለ ላኪው ምን ዓይነት መረጃ አብሮ እንደሚተላለፍ መገንዘብ፣ በተለይ ማንነቱ እንዲገለጽ ለማይፈልግ ጠቋሚ፣ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ራስጌው ምን ይዟል?

እያንዳንዱ ኢሜይል በተለምዶ ሄደር የሚባል ራስጌ አለው። መልእክቱ የሚያልፍባቸው ሰርቨሮች ከየት እና መቼ እንደተቀበሉት የሚገልጽ መስመር በየተራ ከላይ ይጨምራሉ። ስለሆነም የመልእክቱ ጉዞ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። በጂሜይል ራስጌውን ለማየት መልእክቱን በኮምፒዩተር ከፍቶ ሦስቱን ነጥቦች በመጫን «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን መምረጥ ይቻላል።

የላኪው አድራሻ መቼ ይታያል?

በጂሜይል ድረ ገጽ አማካኝነት በተላከ መልእክት ላይ ተቀባዩ የሚያገኘው የጉግል ሰርቨሮችን አድራሻ እንጂ የላኪውን አይደለም። በአንጻሩ እንደ ተንደርበርድ ባለ በኮምፒዩተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም ሲላክ የላኪው አይፒ አድራሻ በራስጌው ሊመዘገብ ይችላል።

አይፒ አድራሻ የሚያመለክተው የኢንተርኔት መስመርን እንጂ ግለሰብን አይደለም። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰዎች አንድ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ ከዴራ የተላከውም ከአዲስ አበባ እንደተላከ ሆኖ ሊታይ ይችላል። የራስጌው የታችኛው ክፍል በሐሰት ሊጻፍ ስለሚችልም ብቻውን የማንነት ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል?

ከተቀባዩ የተሰወረ አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪው አይሰወርም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለ1 ዓመት እንዲይዙ ያስገድዳል፤ ፍርድ ቤት እንዲገለጽ ካላዘዘ በቀር መረጃው በምስጢር ይጠበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ አያያዝን ሲደነግግ፣ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለወንጀል ምስክሮች እና ጠቋሚዎች ጥበቃ ያደርጋል።

ተገልጋዮች እንዲያደርጉ የሚመከሩት

• ጥቆማ ሲልኩ የመሥሪያ ቤታቸውን ኢሜይል፣ ኮምፒዩተር እና የኢንተርኔት መስመር አለመጠቀም፤
• ከመላክ በፊት ለራሳቸው ልከው ራስጌውን መመልከት፤
• በሚያያይዙት ሰነድ ውስጥ ስማቸው አለመኖሩን ማረጋገጥ፤
• በኢንተርኔት ካፌ ሲጠቀሙ ከኢሜይላቸው ወጥተው መዝጋት፤
• ሥጋት ካላቸው ጥቆማውን ከመላካቸው በፊት ስለ ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚመለከተውን አካል መጠየቅ።